ለጎረቤት የተላከ ቂጣ

እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ ልደታ፣ አብነት ሰፈር መኖር ከጀመርን ቆይቷል። አምና የእኛ ፋሲካ የዋለው ጎረቤቶቻችን ሁዳዴን ሳይጨርሱ ነበር። በዓሉ ሲደርስ እናቴ እርሾ የነካውን ሁሉ ከቤት ታወጣለች፤ የሊጡን ባልዲ ሳይቀር ፈትጋ አጥባ ፀሐይ ላይ ትደፋዋለች። አባቶቻችን ከግብፅ ሲወጡ ሊጣቸው ኩፍ እስኪል አልጠበቁምና፣ በዓሉ እስኪያልፍ ቂጣ ብቻ ነው የምንበላው።

"ዱቄትና ውሃ ነው፤ ለጾመኛም ይሆናል" አለችና ቂጣ በሰሃን አስይዛ ግድግዳ ወደምንጋራት ሴትዮ ላከችኝ። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀችኝ።

ጥቂት ቆይቼ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ በሯ ላይ አየኋት። እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ፊቷን አዙራ፣ ቂጣውን ቆሻሻ ውስጥ ትከታለች።

"የቡዳ እጅ የነካው ቤቴ አይገባም" አለቻት ልጇን። "ሰሃኑንም በበረኪና እጠቢው።"

ቀና ስትል አየችኝና ፈገግ አለች።

"እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ! እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት።"

ቂጣውን ከመጣሏ ይበልጥ ያቅለሸለሸኝ ፈገግታዋ ነው።

"እዚያው ቆሻሻው ላይ አየሁት እኮ፣ እትዬ" አልኳትና ሰሃናችንን ከልጇ እጅ ተቀብዬ ገባሁ።

"ወደደችው?" አለችኝ እናቴ።

"ጣለችው።"

እናቴ ሰሃኑን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠች። ከዚያ "በይ አንቺ ብዪ፣ በዓል ነው" ብላ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ሴትዮዋ ዛሬም በር ላይ ስታገኘኝ ልትስመኝ ጉንጯን ታስጠጋለች። እኔ ግን ገላዋ እንዳይነካኝ ሸሸት ብዬ አልፋለሁ።