ምንም የማያወጣ ሥራ

ዲላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ስማር ያስቸገረኝ «ታርጌት» የሚባለው ነገር ነው። ኮዳችንን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ የምናዘውን እያንዳንዱን ሥራ እንደዚያ ይለዋል። አንዳንዱ ታርጌት ፋይል ያወጣል፤ ኮዱ ካልተነካ ድጋሚ አይሠራም። ሌላው፣ አሮጌ ፋይሎችን እንደ ማጽዳት ያለው፣ ምንም ፋይል አያወጣም፤ በታዘዘ ቁጥር ግን ይሠራል። ምንም ለማያወጣ ሥራ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው ብዬ ተነጫነጭኩ።

ቅዳሜ ዱመርሶ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሄድኩ። አባቴ በቡና ማጠቢያው ጣቢያ፣ ቡናው የሚብላላበትን ገንዳ በብሩሽ ይፈትጋል።

«አባባ፣ ትናንት አጥበኸው የለም እንዴ?»

«አጥቤዋለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ዛሬ ደግሞ ሌላ ቡና ይገባበታል።»

ሱሪዬን ሰብስቤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ።

ሰኞ የጻፍኩትን የማጽጃ ታርጌት «አባባ» አልኩት። ዛሬም ሥራ የምጀምረው እሱን ጠርቼ ነው።