በጓሮ በር የወጡት ፕሬዚዳንት

ይህን ታሪክ ሙሉውን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ግማሹን ባለፈው ዓመት በብዙ ሰው ፊት ተናግሬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኛልም። የቀረውን ግን ለልጄም ለንስሐ አባቴም አልተነፈስኩትም። አሁን ለእናንተ ልናገረው ነው። እንድታዝኑልኝ ግን አልፈልግም፤ ማዘን የሚገባችሁ ለሌላ ሰው ነው።

ጽጌ እባላለሁ። በአንድ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የፕሬዚዳንቱ ስላችሁ የአንድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፕሬዚዳንቶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። አንደኛው ሳያነቡ አይፈርሙም፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ወረቀቱ ይመለሳል። ሌላው ሁሉንም ነገር በስልክ ጨርሰው ወረቀት የሚባል ማየት አይወዱም። ግቢውን በዛፍ የሞሉት ሌላ፣ በመጡ በሳምንቱ መጋረጃ ያስቀየሩት ሌላ። ሁሉም ግን በእኔ ጠረጴዛ ፊት አልፈው ነው ቢሯቸው የሚገቡት። ሚኒስትር ቢመጣ፣ አምባሳደር ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይዘሮ ጽጌ፣ ዶክተር ይኖራሉ?» ይለኛል። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ዶክተር ይልማ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሲሆኑም መምህርነታቸው አልለቀቃቸውም፤ እጃቸው ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ ያለ ይመስለኝ ነበር። በእሳቸው ጊዜ የተወሰኑ ተማሪዎች ተባረሩና የቀሩት ተቆጥተው ትምህርት አቆሙ። አንድ ቀን ጠዋት ግቢው ተጨነቀ። ተማሪዎቹ ዶርማቸው ውስጥ ተሰብስበዋል፣ ከቢሯችን ፊት ለፊት ደግሞ ፖሊስ ቆሟል። ዶክተር ኮታቸውን ለብሰው ወጡና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«ጽጌ፣ በጓሮ በር ልወጣ ነው። ዶርማቸው ድረስ ሄጄ ላነጋግራቸው።»

«ብቻዎን? ኧረ ዶክተር!»

«በፊት ለፊት ከወጣሁ ፖሊሶቹ አጅበው ነው የሚወስዱኝ። ከፖሊስ ጋር የሄደን ሰው ማን ያምናል? ልጆቼ እኮ ናቸው፤ ምን ያደርጉኛል?»

ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «ነገ ክፍል ይገባሉ» አሉኝ። እውነትም በማግስቱ ገቡ። አንድም ልጅ አልተመታም፣ አንድም መስኮት አልተሰበረም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከአንድ ፕሬዚዳንት ያየሁት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከቢሮው ሰው ይህንን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ ተነሣ። ፕሬዚዳንቱ ተማሪ ፈርተው በጓሮ በር ሸሹ ተባለ። ወሬው ከየት እንደተነሣ አውቃለሁ፤ ከምክትላቸው ቢሮ ነው። ቦርዱ ጠራቸው። እሳቸውም፣ «ጽጌን ጠይቋት፤ የት እንደምሄድ ነግሬያት ነው የወጣሁት» አሉ። ምስክራቸው እኔ ነበርኩ። ተማሪዎቹን ጣጣ ውስጥ ማስገባት ስላልፈለጉ ሌላ ማንንም አልጠሩም።

ቦርዱ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ምክትሉ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ዋሺ አላሉኝም። አላስፈራሩኝም። «አዲስ ፕሬዚዳንት ሲሾም ጸሐፊውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኔ ብሆን ግን አንቺን አልለቅም» ብለው ፈገግ አሉና ሄዱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ገባሁ። «በየትኛው በር ወጡ?» አሉኝ።

«በጓሮ በር።»

«ወዴት እንደሚሄዱ ነግረውሻል?»

«አልነገሩኝም።»

አንዲት ቃል ናት። እኔ ነኝ ያልኳት። ሰዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አመሰገኑኝ፤ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ! ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፄ ይቆረጥ ነበር። አልተንቀጠቀጥኩም። ልጅ የማሳድግ ብቸኛ ሴት ነበርኩ፤ ግን ከሥራ የሚያባርረኝ አልነበረም፤ ቢበዛ ወደ ሬጅስትራር ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍት ያዛውሩኛል። እኔ የማልፈልገው እሱን ነበር። ሚኒስትሩ ጎንበስ ብሎ የሚያናግራት ጽጌ መሆኔን መተው አልፈለግሁም። ያቺን ወንበር ወደድኳት፤ ከሰውየው አስበልጬ ወደድኳት።

ዶክተር ይልማ ከሥልጣን ወረዱ። መጻሕፍታቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ በጠረጴዛዬ ፊት አለፉ። እንደ ወትሮው ብድግ አልኩ። እንዴት ብድግ እንዳልኩ! «ደህና ሁኚ፣ ጽጌ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ምክትሉ ተሾሙ፣ እኔም በቦታዬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ተሠቃይቼ ኖርኩ ብላችሁ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። እንቅልፌን ተኝቻለሁ። ልጄን ሳምራዊትን አስተምሬ ድሬአለሁ፤ ሥራዬን ወድጄ፣ ተከብሬ ሠርቻለሁ። ደስ የሚል ዕድሜ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንቶች ታሪክ የሚያሰባስቡ ወጣት መምህራን ወደ እኔ ሲመጡም ስለ እያንዳንዳቸው ሳልሰስት አወራኋቸው፤ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ መጋረጃው ሳይቀር። ዶክተር ይልማ ላይ ስንደርስ «እሳቸው እንኳ ብዙም አልቆዩም» ብዬ አለፍኩ። መጽሐፉም እንደዚያው አለፋቸው። ግቢው ውስጥ የቀረላቸው ስም «በጓሮ በር የወጡት» የሚለው ብቻ ሆነ። አያችሁ? ውሸቷን አንዴ ተናግሬ አልተውኳትም፤ ታሪክ እስክትሆን አሳደግኳት።

አሁን ገርጂ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ሳምራዊት ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። «እማ፣ ሪላክስ በይ፤ ቀላል ኦፕሬሽን ነው» ብላኝ መኪናዋን ልታቆም ሄደች። ተራዬን ስጠብቅ ነርሷ «ዶክተር ይልማ!» ብላ ተጣራች። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «አንድ አሥር ደቂቃ ይታገሡኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

መውጣት እችል ነበር። አላዩኝም። ግን ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዶክተር፣ ጽጌ ነኝ።»

ዞር ብለው በአንድ ዓይናቸው ብዙ አዩኝ። «ጽጌ! አረጀሽ እኮ» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው እየሰማን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምክንያቱን ብቻ ዘለልኩት። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ።

«ያን ቀን ቦርዱ ሲጠይቅሽ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እየጠበቅሁሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አሁን የምትነግሪኝ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ነበርኩበት እኮ። ለማያውቁት ንገሪ።»

ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ሠራተኞች ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። የታደሰው የፕሬዚዳንቶች ታሪክ ሊታተም ነው፤ አስተያየት ያለው ይናገር ተባለ። ማይክ ጠየቅሁ። ዶክተር ይልማ በጓሮ በር ወጥተው የት እንደሄዱ፣ እኔም ምን ብዬ እንደካድኩ ተናገርኩ። ያኔ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ከኋላ ተነሣ። «እኔ የዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ዶርም መጥተው አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ነው ያነጋገሩን። እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው» አለ። አዘጋጆቹ ታሪኩን እንደሚያስተካክሉ እዚያው ቃል ገቡ።

አንዲት ሴት ግን፣ «ምን ሆነሽ ነው ይህን ያደረግሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ያየኛል። «ፈርቼ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የድሮ ባልደረቦቼ አቀፉኝ፤ «ያኔ ማን የማይፈራ ነበር፣ አይዞሽ» አሉኝ። እኔም አይዞሽ መባሉን ተቀበልኩ። እውነት ልናገር ቆሜ፣ እዚያው ላይ ደግሜ ዋሸሁ።

በሳምንቱ ሳምራዊትን ላምበረት አድርሺኝ አልኳት። ዶክተር ይልማ የሚኖሩት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ሆነው የረዳቶቹ ጥሪ ይሰማል። ፋሻው ተነሥቶላቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ስልኬ አላርፍ አለ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተማሪዎችዎ ነበርን ይሉኛል። ደግሞ ፈርታ ነው አሉኝ።»

«አልፈራሁም፣ ዶክተር።»

ጠበቁኝ።

«ወንበሩን ወድጄው ነበር።»

መናኸሪያው በኩል አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

«እኔም እኮ ወድጄው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ብቻ የምወደው ነገር የነበረኝ ይመስለኝ ነበር። ልጃቸው ምሳ ስታቀርብ «በልተሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ፤ አብሬያቸው በላሁ። አሁንም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ ስለ ድሮው ሰው እናወራለን፣ እንስቃለን። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናንተን ደግሞ ማሩኝ አልላችሁም፤ የወሰድኩት ከእናንተ አይደለም። ፈርታ ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን፣ አይደለም በሉልኝ።