ጽዋው ወደ ቀኝ ያልፋል፦ ከጄኔቭ እስከ አፎልተርን

እሑድ፣ ኅዳር 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ከጄኔቭ የተነሣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ባቡር ነው። ዙሪክ የሚኖሩት የታሪክ መምህር ጋሽ ዘለቀ ዛሬ በማርያም ማኅበራችን ላይ ስለ እንግሊዞች የመጀመሪያ ቅኝ ግዛቶች ይናገራሉ። እኔ ደግሞ በስቴንስል ለምናባዛት ባለ አራት ገጽ ጋዜጣችን ልዘግበው ነው። በደብዳቤያቸው ግርጌ ግን አንድ ነገር ጨምረው ነበር፦ «የተዋስነውን አዳራሽ ባለፈው ወር ሳንጠርግ ወጣን። ባለቤቶቹ አንድ ዕድል ሰጥተውናል። ዛሬም ከደገምነው ቁልፉን ይወስዳሉ፤ ማኅበሩም በዚያው ይበተናል።»

መበተኑ እውነት ነው። የምንኖረው ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ነው፤ አምስት ሰው ሲሰበሰብ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።

በሐይቁ ዳር

ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል። ውሃው የት እንደሚያበቃ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። አንዲት ነጭ መርከብ ያለ ድምፅ ታየችና ጠፋች። ጋሽ ዘለቀ የላኩልኝን ማስታወሻ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነበብኩ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1606 መጨረሻ ሦስት መርከቦች ከለንደን ተነሡ። የላኳቸው ከንጉሡ ፈቃድ ያገኙ ነጋዴዎች ናቸው፤ ኩባንያ አቋቁመው፣ አክሲዮን ሸጠው። ማን እንደሚያስተዳድር ተሳፋሪዎቹ አያውቁም ነበር። የሹማምንቱ ስም በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነበርና የተከፈተው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሲደርሱ ነው። እዚህ ላይ ንባቤን አቆምኩ። ከሎዛን በኋላ ባቡሩ ሽቅብ ወጥቶ ከዋሻ ሲወጣ ጉሙ ከታች ቀርቶ ፀሐይ ሆነ። ያ ሣጥን በዚያ ነጭ ነገር ላይ ሲንሳፈፍ የማየው መሰለኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ የነቃሁት በርን ከተማ ላይ፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ትከሻዬን ሲነካኝ ነው።

አፎልተርን

ዙሪክ ላይ ባቡር ቀየርኩ። የኦርሊኮን ፋብሪካዎች ሰንበት ስለሆነ ጸጥ ብለዋል። አፎልተርን ጣቢያ የጠበቁኝ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሚሠሩት እትዬ አበበች ናቸው። ባልዲ ይዘዋል።

«ጋዜጠኛው፣ መጣህ? እንግሊዞቹ እየጠበቁህ ነው።»

«ባልዲው ምንድን ነው?»

«ጋሽ ዘለቀ የነገሩን የእንግሊዞቹ ሣጥን ነው። ሲከፈት ሹመትህን ታገኛለህ።»

አዳራሹ ውስጥ ሃያ ያህል ሰው አለ። ጾም ስለሆነ የቀረበው ምስርና ሽሮ ነው፤ እንጀራው ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ። የማኅበሩ አለቃ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ኮሎኔል መኩሪያ፣ በራስጌ ተቀምጠዋል። ንግግሩ በደንብ እንዲሰማኝ ብዬ በቀኛቸው ተቀመጥኩ።

ከምግብ በኋላ ኮሎኔሉ ተነሡ። «የጽዳት ኮሚቴ እንሰይም። ሊቀ መንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ…»

«ሊቀ መንበሩ ይጠርጋል?» አሉ እትዬ አበበች።

«ያስተባብራል።»

«ከደርግ ሸሽተን መጥተን ሌላ ደርግ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ፤ ኮሎኔሉም ትንሽ ፈገግ አሉ። እጁን ያወጣ ግን የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ የቀድሞ ዳይሬክተር፣ ዳኛና ዋና መሐንዲስ ተቀምጠዋል።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ቨርጂኒያ ከገቡት ብዙዎቹ የጨዋ ልጆች ነበሩ። መሬት መቆፈር ነውር ነው፤ ወርቅ ይፈልጋሉ። ምግብ ከጋራ ጎተራ ይሰፈራል። ሲያልቅባቸው ከባለ አገሮቹ በቆሎ ለመኑ፣ ቀሙም። ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ። በኋላ በእግራቸው ያቆማቸው ትምባሆ ነው። በ1619 የራሳቸውን ምክር ቤት ሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎችን ገዙ። ይህን ሳልነግራችሁ ሌላውን ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው።»

መስኮቱ ላይ ጉሙ ተለጥፏል።

«ወደ ሰሜን፣ ፕሊመዝ የሰፈሩት መርከባቸው ላይ እያሉ የመተዳደሪያ ውል ፈረሙ። እነሱም በጋራ አርሰው ተራቡ። ኋላ ለየቤተሰቡ መሬት ሲሰጥ፣ ልጅ አለኝ ብላ የቀረችውም ሴት ልጇን ይዛ እርሻ ወረደች።»

እትዬ አበበች ተነሡ። «እኔ መጽሐፍ አላውቅም፣ ጋሽዬ። አገራችን ጽዋውን የወሰደ ሰው ቤቱን ያሰናዳል፤ እንግዳ ሲሸኝም ቤቱን ያጸዳል። አዳራሽ ስናገኝ ጽዋውን ወሰድን እንጂ ቤቱን የወሰደ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ጽዋና ቁልፍ አብረው ይሂዱ። ባለፈው ወር ጽዋውን የወሰደው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ራስጌ ዞረ። ኮሎኔሉ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ።

«መጥረጊያው የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ሲሾሙና ሲሽሩ ኖረዋል። እትዬ አበበች ቁም ሣጥኑን አሳዩአቸው፤ ለእኔ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ሰጡኝ። «በልተሃል» ብቻ አሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የአዳራሹ ጠባቂ መጣ፤ ሽማግሌ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ጣቱን አሳለፈ፣ ጣቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ከምድጃው ሥር ተመለከተ። በጀርመንኛ «ጉት»፣ ጥሩ ነው፣ አለና ቆቡን ነክቶ ወጣ። ቁልፉን አልጠየቀም።

ጸሎት አድርሰን ጽዋው ሊተላለፍ ሆነ። በእኛ ማኅበር ወደ ቀኝ ነው የሚያልፈው። ኮሎኔሉ ቁልፉን ከላዩ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እኔ ዘጋቢ ነኝ፤ የምኖረውም ጄኔቭ ነው» አልኩ።

«ከተመዘገብክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ለንደን ሆነው ቨርጂኒያን የሚያስተዳድሩት ሰዎችም ሩቅ ነን ይሉ ነበር።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ጄኔቭ

በመልሱ ጉዞ ጉሙ ጨልሞ ሐይቁ መብራቶቹን ብቻ ያሳይ ነበር። የማስታወሻ ደብተሬን ስከፍት ከጋሽ ዘለቀ ንግግር የመጨረሻው ገጽ በሳሙና ውሃ ርሶ ቀለሙ ፈሷል። ስለ ፕሊመዝ ያሉትን እዚህ የጻፍኩት ከትውስታዬ ነው፤ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ። የሌሎች መስሎኝ ሁለት ዓመት ዜናውን የጻፍኩለት ማኅበር የራሴ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ቤቴ በር ላይ ደርሼ እጄን ኪሴ ስከት መጀመሪያ የወጣው የአፎልተርን ቁልፍ ነበር።