የኪኑዮ ቀኝ እግር

ኪኑዮ ኦታጊሪ ከቶያማ ተራሮች ወደ ከተማ የሚወርደውን አውቶቡስ ሃያ ስድስት ዓመት ነድታለች። እኔም ነርስ ሆኜ የምሠራበት ሆስፒታል የምደርሰው በእሷ አውቶቡስ ነበር። በረዶ በጣለ ቀን ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ይላል። ነፍሳችን ፍሬን በምትረግጥበት እግሯ ሥር ነበረች።

ወገቧን ሲያማት ብርድ ነው ብላ ዓመት ቆየች። በኋላ ሲታይ ከሆዷ በስተጀርባ፣ ወደ ቀኝ ጭኗ በሚወርደው ነርቭ ሽፋን ላይ እንቁላል የሚያህል ዕጢ በቅሏል። የሆስፒታላችን ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኢማዳ እንዲህ ያለውን በዕድሜው ያየው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

«አይሸንግሉኝ ዶክተር» አለችው፤ «እግሬስ?»

«ነርቩን ሳልቆርጥ ዕጢውን ፈልፍዬ ለማውጣት እሞክራለሁ። ካልሆነ ግን…»

«ካልሆነ ይተውት! ፍሬን የማይረግጥ እግር ምን ሊረባኝ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ኦፕሬሽኑ ላይ ነሽ አይደል? ጠብቂልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ ኪኑዮ።»

በማግስቱ ሆዷ ላይ ጣት የማያስገቡ አራት ቀዳዳዎች ተበሱ። በአንዱ ካሜራ ገባ። በደም ሥሯ የሰጠናት ቀለም በልዩ መብራት ሲታይ ዕጢው አረንጓዴ ሆኖ አበራ፤ ነርቩ ግን በላዩ እንደ ጥቁር ክር ተዘርግቷል። ዶክተሩ በጥቁሩና በአረንጓዴው መካከል እየገባ ይልጥ ጀመር። በየመሃሉ ነርቩን በቀጭን የኤሌክትሪክ ዘንግ ይነካዋል፤ ጭኗ ዝልል ይላል። ደህና ነው ማለት ነው።

ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ በደም ቀላ።

«ሆዷን እንክፈት?» አለ ረዳቱ።

«ቆይ! ጨርቅ!»

ሰጠሁት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ተጭኖ ያዘው። ሲያነሳው ደሙ ቆሟል፤ ነገር ግን ነርቩ ላይ የተጣበቀች፣ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ቀርታለች። እሷን ለማንሳት ነርቩ መቆረጥ አለበት።

«እንዳይቆረጥ ብላለች» አልኩ።

«ሰምቻለሁ። ትቅር።»

ነርቩን በዘንጉ ነካው። ጭኗ አልዘለለም። ኃይሉን ጨመረ፤ ምንም። በሦስተኛው እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ነገር አየን።

ስትነቃ ጉልበቷን ማንሳት አቃታት። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ዕጢው ክፉ ዓይነት አለመሆኑን፣ ቁራጭ እንደቀረና በየዓመቱ እንደሚታይ ነገራት።

«እሱን መች ጠየቅሁ? እግሬ አለ ወይስ የለም?»

«አለ፤ ተኝቷል እንጂ።»

«ሰነፍ!» ብላ ጭኗን በጥፊ መታችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በስምንተኛው ቀን ጉልበቷ ተነቃነቀ። በአራተኛው ወር የኩባንያውን የፍሬን ፈተና ወደቀች፤ በስድስተኛው አለፈች። ኩባንያው ግን የተራራውን መንገድ ነፍጎ የከተማውን ሜዳ መስመር ሰጣት። ሳምንት ሙሉ አኩርፋቸው ነዳች።

አሁን የማገኛት ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። የአውቶቡሷን መስኮት ከፍታ «የከተማ ሰው እኮ የሂሳቡን ሳንቲም የሚፈልገው ሊወርድ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው!» እያለች ታማርራለች።