ኃላፊው ከማን ይወርሳል?

እታለማሁ የዘንገና ገበሬ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ በ2007 ዓ.ም. እንጅባራ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነበር፤ ሠራተኛው በየስሙ ገብቶ ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ ባለጉዳዩም ሰማያዊውን ቃል ሲጫን ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገርበት።

ፕሮግራሙን ከመጻፏ በፊት ንድፉን ወረቀት ላይ አወጣችው። ከላይ «ሠራተኛ» የሚል ሳጥን፣ ከሥሩ «ዘበኛ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ኃላፊ»። የጋራ የሆነው ነገር ላይኛው ላይ አንዴ ይጻፋል፤ የታችኞቹ ይወርሱታል። ኃላፊው አቶ ዓለምነው ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ዘበኛው ጎን ምን እሠራለሁ?»

«ሁለታችሁም ከ‹ሠራተኛ› ስለምትወርሱ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ከሠራተኛ አልወርስም! ሠራተኛው ነው ከእኔ የሚወርስ!»

ነገሩ ስብሰባ ተጠራበት። እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩና «ኃላፊ» ከሁሉም በላይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

«እንዲህ ከሆነ እኮ የእርስዎ ሥልጣን ለሁሉም ይተላለፋል» አለች እታለማሁ።

«አመራር ማለት ይኸው ነው!» አሉ አቶ ዓለምነው። ተጨበጨበ። እሷም እየተናደደች ቃለ ጉባኤው እንዳለው አድርጋ ጻፈችው።

በምረቃው ቀን እንግዶች ተጋበዙ። የአሠራሩን ቅለት ለማሳየት ዘበኛው ጋሽ በዛብህ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ስማቸውን ሲያስገቡ የፈቃድ ጥያቄዎች ተደርድረው መጡ፤ በየጎናቸው «ፍቀድ» የሚል ቁልፍ አለ። ከላይ ያለው የጸሐፊዋ ጥያቄ ነው። የሻረግ የወሊድ ፈቃድ ከጠየቀች ሁለት ወር አልፏታል፤ ሆዷ ጠረጴዛውን ገፍቶታል።

«ይህች ልጅ እኮ ደርሳለች!» አሉና ተጫኑት። ጸደቀ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ የሻረግም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ጋሽ በዛብህ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ድረ ገጹም «እስኪገመገም» ተዘጋ። ሆኖም ተመርቋልና ለሕዝብ መድረስ ነበረበት። አቶ ዓለምነው ወረቀት ላይ በቀለም አሳተሙትና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስለጠፉት።

አንድ ቀን ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ አዛውንት ሰማያዊውን ቃል በጣታቸው ደጋግመው ሲጫኑ እታለማሁ አየቻቸው።

«ልጄ፣ ተጫኑት ይላል። አልከፈት አለኝ።»

«አባቴ፣ ይኸ የሚከፈተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

የመሬት ጉዳይ ነበር። እጃቸውን ይዛ ክፍሉ ድረስ ወሰደቻቸው። ተቆልፏል፤ ሁሉም ስብሰባ ሄደዋል።

በሳምንቱ ዳንግላ አንድ ኮሌጅ አስተማሪ እንደሚፈልግ ሰማችና አመለከተች። ተማሪዎቿ ጎበዝ ናቸው ትላለች፤ ከማን እንደሚወርሱ አይጨቃጨቋትም።