ግማሽ ዋት በጋቢ ሥር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አያ አለምነው መጀመሪያ ያዘዙኝ "እጅሽን ኪስሽ ክተቺ" ብለው ነው። በእንጅባራ፣ አገሬው ዛሬም ቆሰበር በሚላት ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል የሬዲዮ መጠገኛ ነበረቻቸው። እኔ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ፣ ዲፕሎማዬን በላስቲክ አስለብጬ ደጃቸው ቆሜያለሁ። "ዲፕሎማ አይቃጠልም፤ ሬዲዮ ግን ይቃጠላል" አሉኝ።

ቀጥለው ዳሚ ሎድ አሳዩኝ። የአንቴና ምትክ ነው። ከሬዚስተር ይሠራል፤ ከአስተላላፊው የሚወጣውን ኃይል ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት ለውጦ ይውጠዋል። "አንቴና ወይም ይህ ሳይታሰር የማስተላለፊያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ከእኔ ጋር አይውልም" አሉ። የዚያን ቀን የጨበጥኩት መሣሪያ መጥረጊያ ብቻ ነበር። ንድድ አልኩ! ቶሎ ነው የምናደደው፤ ደግነቱ ቶሎም እስቃለሁ።

ጊዜው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና የሚገነባበት ነበር። ከግንባታው ቦታ የእጅ ሬዲዮ ይመጣልናል፤ ከየገጠሩ ደግሞ ድንች ሊሸጥ የመጣ ገበሬ የባትሪ ሬዲዮውን ጥሎልን ይሄዳል። አያ አለምነው ሲቆጡኝ በአገውኛ ነው፤ የማልሰማ መስሏቸው። እናቴ ግምጃ ቤት ከሚባለው የአገው ከተማ ናት፤ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። አልነገርኳቸውም። ለደንበኛ ሲያመሰግኑኝም በአገውኛ ነበርና፣ ማን ሞኝ ይነግራቸዋል?

ከዳንግላ መምህር የሻምበል የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የፊዚክስ መምህር ናቸው። በትምህርት ቤታቸው የአማተር ሬዲዮ ክበብ አቋቁመው፣ በሞርስ የአጭርና የረጅም ድምፅ ምልክት ብቻ የሚናገር አንድ ትንሽ አስተላላፊ በእጃቸው ሠርተዋል። እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ታቅፈውት መጡ።

ጭንቀታቸውን ቁጭ ሳይሉ ነገሩን። ክበቡ ፈቃድ ጠይቋል፤ የሚፈቀድለት እስከ አንድ ዋት ነው። ከአዲስ አበባ መርማሪ ሊመጣ ነው። እሳቸው ደግሞ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል። "ሳልሄድ ፈቃዱ ካልወጣ ክበቡ ይዘጋል፤ ይህም ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ይጠጣል። በስሌቴ ግማሽ ዋት ያህል ይሰጣል። ለኩልኝና ልቤ ይረፍ" አሉ።

እኔ ፈጥኜ ከትልቁ ዋት ሜትር ጋር አሰርኩት። ያ መለኪያ እስከ መቶ ዋት የሚያነብ ነው። ቁልፉን ስጫን መርፌው ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን መታ መታ አደረግኩት። ምንም። "መምህር፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብዎት። ሬዲዮው ሞቷል" አልኳቸው። ሰውየው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" አሉ አያ አለምነው፣ በአማርኛ፣ መምህሩ እንዲሰሙ። "በጤፍ መስፈሪያ ቁና ቅመም ይሰፈራል? ጋቢዬን አምጪው።"

የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት፣ ከመሳቢያ አወጡ። አንዱን ከአስተላላፊው መውጫ ጋር፣ ሌላውን ኃይሉ በማስተካከያ ከፍ ዝቅ ከሚል ባትሪ ጋር አሰሩ። ሁለቱ አምፖሎች እኩል ከበሩ የበሉት ኃይል እኩል ነው። የባትሪውን ደግሞ ቮልትና አምፔር በሚለካ ተራ መልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። ችግሩ፣ በቀን ብርሃን ዓይን እኩልነታቸውን አይለይም። ስለዚህ ሁለታችንም ጋቢው ውስጥ ገባን። እሳቸው ማስተካከያውን ያዞራሉ፣ እኔ "ይጨምሩ፣ ይቀንሱ" እላለሁ፣ መምህሩ ከውጭ ቁልፉን ተጭነዋል።

በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ሬዲዮዋን ልትወስድ ገባች። "ውይ በሞቴ! ሁለታችሁንም ጉንፋን ያዛችሁ? ባሕር ዛፍ ነው የምትታጠኑት?" አለች።

"ኃይል እየለካን ነው!" አሉ አያ አለምነው ከጋቢው ውስጥ።

"እሱስ ጠበል ነው የሚያሻችሁ" ብላ ሄደች። ሬዲዮዋንም ረሳችው። እኔ በሳቅ ስፈርስ አምፖሎቹን ማየት አቃተኝና እንደገና ጀመርን።

በመጨረሻ እኩል ሆኑ። መልቲሜትሩን ሳነበው አምስት ቮልት፣ አንድ አሥረኛ አምፔር። ሲባዛ ግማሽ ዋት! መምህሩ ተነስተው የአያ አለምነውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

እኔ በአምፖል ብቻ አላመንኩም። ከዳሚ ሎዱ ላይ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ በኩል የቮልቴጁን ጫፍ ለካሁና አሰላሁት፤ ከግማሽ በታች መጣ። "የጋቢው ልክ አይደለም" አልኩ። አያ አለምነው በአገውኛ ወረዱብኝ። ለካ ዳዮዱ ራሱ ለማሳለፊያ ከግማሽ ቮልት በላይ ይቆርጣል። በትልቅ ኃይል ላይ አይታወቅም፤ በትንሽ ኃይል ላይ ግን ትልቅ ስህተት ነው። የቆረጠውን መልሼ ስደምር ያው ግማሽ ዋት ሆነ። ጋቢውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

መርማሪው በሚመጣበት ቀን አያ አለምነውና እኔም ዳንግላ ወረድን። መርማሪው ዳዊት የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። ለትንሽ ኃይል የተሠራ፣ መዳፍ የምታህል መለኪያ ይዞ መጥቷል። ከአስተላላፊው ጋር አሰራትና "ይጫኑ" አለ። መምህር የሻምበል ተጫኑ። መለኪያዋን አየ። አሁንም "ይጫኑ" አለ።

"መምህር፣ የሚፈቀደው አንድ ዋት ነው። ይህ ሁለት ሊሞላ ነው። እንዲህ ከሆነ ፈቃድ መስጠት አልችልም" አለ።

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። "አይሆንም! በዓይኔ ያየኋት ግማሽ ዋት ናት!" አሉ አያ አለምነው። አምፖላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩና መምህሩን "ይጫኑ!" አሉ። አምፖሏ ቦግ ብላ በርታ እዚያው ድርግም አለች። ተቃጠለች።

ይዘነው የሄድነውን ዳሚ ሎድ በአምፖሏ ፈንታ አሰርኩ። መምህሩ ተጭነው ሲለቁ ዳሰስኩት። ሱቅ ውስጥ ለብ ብቻ ይል የነበረው ሬዚስተር ጣቴን ጠበሰኝ። ወዲያው የአስተላላፊውን ሳጥን ክዳን አነሳሁ። አንድ ባለ ስድስት ቮልት ባትሪ የነበረበት ቦታ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው ተቀምጠዋል። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

"መምህር፣ ይህ ሁለተኛው ከየት መጣ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

አንገታቸውን ደፉ። "ብርቄ፣ ያ ትልቁ መለኪያሽ ዜሮ ሲል ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ደክሞ መጥቶ፣ ደካማ ነገር ላሳየው? አፈርኩ። ትናንት አንድ ባትሪ ጨመርኩለት።"

መጀመሪያ የሳቀው ዳዊት ነው። "ሰው እንግዳ ሲመጣበት ዶሮ ያርዳል፤ እርስዎ ባትሪ ጨመሩ!" አለ። ባትሪውን አስነስቶ እንደገና ለካ። ግማሽ ዋት። እኛ ደስ ሲለን እሱ ግን ብዕሩን አላወጣም። "መምህር፣ እርስዎን አምናለሁ። ግን እርስዎ ይሄዳሉ። ነገ ሌላ እንግዳ ቢመጣስ?" አለ።

ክበቡ በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አያ አለምነው ግን ሳጥኑን ዞር ዞር አድርገው አይተው "መጋዝ አላችሁ?" አሉ። ከተሰበረ ዴስክ እግር ቁራጭ እንጨት ቆርጠው፣ በሁለተኛው ባትሪ ቦታ ላይ ገጥመው በምስማር መቱት። ክዳኑን ዘጉና "እንግዲህ እንግዳው ይምጣ፤ የሚቀመጥበት ወንበር የለም" አሉ።

ዳዊት በጣቱ እንጨቱን ገፋው። አልነቃነቅ አለ። ብዕሩን አወጣ። "በአንድ ባለ ስድስት ቮልት ባትሪ ብቻ" የሚል ቃል ጨምሮ ፈረመ። መምህር የሻምበል አለቀሱ፤ እኔም አብሬ። የምን ማፈር ነው?

ብዙ ሳይቆይ፣ እንጅባራ በጭጋግ ተሸፍና ሳለች፣ ሱቅ ካለው መቀበያ ቀጭን የሞርስ ድምፅ መጣ። መምህር የሻምበል ናቸው፤ ከዳንግላ፣ በግማሽ ዋት። በማግስቱ እንደሚሄዱና ቁልፉን ለክበቡ እንዳስረከቡ ነገሩን። አያ አለምነው ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈቱት፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ምን ተፈጠረ ብለው አንገታቸውን አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተላላፊ ለክቻለሁ፤ መለኪያዎቹም ተሻሽለዋል። ወደ ሙያው አዲስ ለምትገቡ የምላችሁ አንድ ነው፦ አስተላላፊውን ከመለካታችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ።