የአያ ቢያዝን የክርስትና ስም

አያ ቢያዝን ሞቶ አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቄስ እንኳየሁ ዓይናዲስን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አገኟትና «የክርስትና ስሙን ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። በቀብሩ ዕለት በጥድፊያ «ገብረ እግዚአብሔር» ተብሎ ታልፏል። «ለአርባው ግን እንዲህ አይሆንም። ያለ ስሙ ማንን ላንሳ?» አሉ።

ዓይናዲስ ክው አለች። ጡረታ የወጣች የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስንቱን ሰው ከነአያቱ ስትጽፍ የኖረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማራትን፣ የወገቧን ሕመም ያስታገሰላትን ሰው ግን የክርስትና ስሙን አታውቅም! ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ ብላ በራሷ ተናደደች።

ሰውየው ደግሞ የሚጠየቅ አልነበረም። የዛሪማ ልጅ ነው። ዜማ ሊማር አብነት ትምህርት ቤት ገብቶ ገና ከጅምሩ አንድ ጆሮው መግል ይዞ ደነቆረ። በአንድ ጆሮ ምን ዜማ ይማራል? ጎንደር ወጣና ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ዘበኛ ሆነ። ህንዳዊው ጠዋት ጠዋት እግሩን አጣጥፎ፣ ጆሮዎቹን በአውራ ጣቶቹ ደፍኖ ይቀመጣል። ቢያዝን ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀው፤ መጠየቅ ያመጣው ጣጣ ይኸው ነው። ህንዳዊው አገሩ ሲገባ እሱ ፒያሳ አካባቢ አንዲት አዳራሽ ተከራይቶ፣ በቆርቆሮ ላይ «ዮጋ» ብሎ ጽፎ ሰቀለ።

ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ስኳር ያለባቸው መጡ። ሲያንጠራራቸውና ሲያጣጥፋቸው ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ጆሯቸውን ያስደፍናል። «የውስጡን ድምፅ አድምጡ» ይላል። «መጀመሪያ ንብ ይመስላል። ከንቡ ኋላ ሌላ አለ።» ሌላው ምንድን ነው ሲሉት ፈገግ ብሎ ዝም። ዝም አይነቅዝም፤ ተማሪዎቹ ግን ሊነቅዙ ደረሱ።

ዓይናዲስ አንድ ቀን «አያ ቢያዝን፣ እኔስ የሚሰማኝ የራሴ ደም ሳይሆን አይቀርም» ብትለው «ሸጋ! እሱንም አድምጪው» አላት። ይሄ ምን ማለት ነው? እስከ ዛሬ አልገባትም። ከተማው ጠንቋይ ነው ይለዋል፤ እሱ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ቆሞ ይገባል። የንስሐ አባቱ ሞተውበት ሌላ አልያዘም። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ስሙን ማን ይንገራት?

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ዓይኗን ጨፍና ወርዳ ዛሪማ ገባች። ሰው ጠይቃ ታላቅ እህቱን አበቡን አገኘች። አበቡ መርዶውን ሰምታ ጥቁር ለብሳለች።

«የክርስትና ስሙ ጠፋብኝ እቴ» አለች አበቡ። «የሚያውቁት እናቴና ክርስትና አባቱ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር በልቷቸዋል። ለመሆኑ ወንድሜ ምን ነበር የሚያስተምር?»

ዓይናዲስ ተንተባተበች። «ጆሮ ደፍኖ... ማዳመጥ።»

«ጆሮ ተደፍኖ ምን ይሰማል?»

«እኔም አላወቅሁም።»

አበቡ ሳቀችና መልሳ አለቀሰች። «አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልመጣም። በመደንቆሩ አፍሮ ነው እያልሁ ስጽናና ኖርሁ። ብቻውን ኖሮ ብቻውን ሞተ አይደል?» ከዚያ ነጠላዋን አንስታ አርባውን ልታይ አብራት ተሳፈረች።

በአርባው ጠዋት ቄስ እንኳየሁ ዓይናዲስን ጠጋ ብለው «እህስ፣ ስሙ?» አሏት። ሕዝቡ ቆሟል፣ ዕጣኑ ተለኩሷል። አላገኘሁም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «ወልደ ሰንበት» ነው።

ወልደ ሰንበት የሟች ባሏ የክርስትና ስም ነው። ባሏ ማክሰኝት ስለተቀበረ ቄሱ አያውቁትም። ኧረ ምን ነካኝ፣ የአንዱን ሟች ጸሎት ለአንዱ ሰጠሁ እኮ አለች በሆዷ። ሄዳ ልታስቆማቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ቄሱ ስሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነሱት፣ አበቡ ክንዷን ጨመደደቻት።

«ወልደ ሰንበት! እሱ ነው እኮ! ክርስትና የተነሳው እሁድ ነበር፣ እናቴ በዚህ ነበር የምትጠራው። አሁን ስሰማው ትዝ አለኝ!»

ዓይናዲስ አፈጠጠችባት። እውነት ይሁን? ወይስ አሮጊቷ ስም ስለተራበች የሰማችውን አነሳች? ፊቷን ብታየው ውሸት የለበትም፤ የራሷን ልብ ብታየው ደግሞ እውነት የለበትም።

«እሱ ነው የነገረሽ?» አለች አበቡ እንባዋን እየጠረገች።

 የዓይናዲስ ራስ ወደ ታች ተነቀነቀ።

«እሰይ! እኔን እህቱን የራቀኝ ላንቺ ስሙን ከነገረሽማ፣ ሰው ነበረው። ብቻውን አልሞተም።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለባሏ ይሁን ለአያ ቢያዝን ግን አላወቀችም።